ሰው የሌለበት ባህር

ሁለት ሳምንት ሙሉ ካርዱ አልመጣም።

አዘጋጇ በየጠዋቱ ካፖርቷን ሳታወልቅ የቢሮውን የፖስታ ሳጥን ትከፍታለች። የሌሎቹን ዳርቻዎች ካርዶች ወደ ጎን ትገፋና እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ የሳጥኑን ጀርባ ትዳብሳለች። የምትነካው ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ነው። ከዚያ ሦስት ፎቅ ደረጃ ትወጣለች፤ ትቀመጣለች፤ ትነሳለች፤ በመስኮቱ የመንገዱን ጭቃና በብርድ የተኮማተረውን መንገደኛ ታያለች፤ ተመልሳ ትቀመጣለች።

«ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?» አሏት እትዬ መነጽር። የመጽሐፉን ገጾች የሚያቀናብሩት እሳቸው ናቸው። ሁለት መነጽር አላቸው፤ አንዱ አፍንጫቸው ላይ፣ አንዱ ጸጉራቸው ውስጥ። ሁልጊዜ የሚፈልጉት ግን ሦስተኛውን ነው።

«የለውም እትዬ።»

«እንግዲያው እሾሁ አንቺ ጋ ነው። ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ማተሚያ ቤቱ ገጾቹን ይወስዳል። እስከዚያ በፈጠረሽ አንድ ቦታ እርጊ።»

እንዴት ትርጋ! የአባቷ የጉዞ ወኪል ቢሮ በየዓመቱ፣ ብርዱ ሳይጠነክር፣ አንድ መጽሐፍ ያወጣል፤ ስሙ «ጸጥ ያሉ ዳርቻዎች» ነው። ሰው የማይጋፋባቸው፣ ሙዚቃ የማይጮኽባቸው አስራ ሁለት ሞቃት የባህር ዳርቻዎች ተመርጠው ይገቡበታል። አቅም ያለው የከተማ ሰው እጁን እያሞቀ ያገላብጠዋል፤ ጣቱን አንዱ ገጽ ላይ ያሳርፍና ትኬት ይቆርጣል። ደንበኞች መጽሐፉን የሚያምኑት ስለ ቁጥሩ ነው። ቢሮው በየዳርቻው አንድ ቆጣሪ አለው። ቆጣሪው ጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከሰዓት በኋላ አሸዋውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄድና ያየውን ሰው ቆጥሮ በካርድ ይጽፋል፤ ካርዱን በሳምንት አንዴ ይልካል። ከአርባ ሰው በላይ የተቆጠረበት ዳርቻ መጽሐፉ ውስጥ አይገባም።

ካርዱ የጠፋው ቆጣሪ ስምንት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ የምታስተዳድር የአንዲት ባሏ የሞተባት እናት ልጅ ነው። አዘጋጇ አምና ዳርቻውን ልትመረምር ሄዳ ስምንት ቀን ቆየች። ለምርመራ አንድ ቀን ይበቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከካርዱ ፊት ቁጥር፣ ከካርዱ ጀርባ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣ ጀመር። «ከሰዓት አራት። ከአራቱ አንዱ እኔ ነኝ፤ ራሴን ልቁጠር አልቁጠር መመሪያው አይናገርም» ብሎ ጻፈላት። እሷም በቢሮው ማኅተም ስር፣ እንደ ደንብ አድርጋ፣ «ቆጣሪው ራሱን ይቁጠር፤ እዚህ የሚቆጥረው ሰው አለና» ብላ መለሰችለት። ያን ሌሊት ራሷ በራሷ እያፈረች ትራስ ነክሳ ሳቀች።

ታዲያ ከአንድ ወር በፊት ምን አደረገች? የዘንድሮው ዝርዝር ሲዘጋጅ፣ አዲስ ገቢ ተብሎ ተስፋ የተሰጠውን የእሱን ዳርቻ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችው። በቦታው ሌላ አስገባች። ለማንም አልተናገረችም፤ ለእሱም እንኳ። እንደ ስጦታ ቆጠረችው። ስጦታ ደግሞ በካርድ አይነገርም፤ ፊት ለፊት ቆሞ ነው እንጂ።

«ይቅርታ» አለ ከጠረጴዛዋ ወዲያ የተቀመጠ ደንበኛ። የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሚስቱን ይዞ መጥቷል። «እኔ የምፈልገው ሰው የሌለበት ባህር ነው።»

«ሁሉም ጸጥ ያሉ ናቸው፣ ዶክተር።»

«ጸጥ ያለ አላልኩም። ሰው የሌለበት። ዓመቱን ሙሉ የሰው አፍ ስመለከት ነው የምውለው።»

«እኔ እንኳ አንድ የማወራው ሰው ቢኖር አልጠላም» አለች ሚስቱ ወደ መስኮቱ እያየች።

«ምግብ የሚያበስለውስ? አልጋ የሚያነጥፈው?» አለች አዘጋጇ፤ ደሟ መፍላት ጀምሯል።

«እነሱማ ይኑሩ» አለ ሐኪሙ በቅንነት። «ብቻ አይታዩ።»

ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚመኝ! ብላ አሰበች። በሩ የተከፈተው ልክ ያን ጊዜ ነው፤ ልቧ ግን ገና ሳይከፈት ነበር የደነገጠው።

እሱ ነው። ለባህር ነፋስ የተሰፋች ስስ ጃኬት ለብሷል፤ ጫማው ውሃ ጠጥቷል፤ ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቋል። አያት። እሷም አየችው። ዓመት ሙሉ በሐሳቧ ያየቻቸው ዓይኖች ናቸው፤ ዛሬ ግን እንደ ባንክ ሠራተኛ ነበር የሚያዩዋት።

«የመጽሐፉን አዘጋጅ ፈልጌ ነበር» አለ፤ እንደማያውቃት።

«ወረፋ አለ ወንድሜ» አለ ሐኪሙ።

«ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ ተሰልፌያለሁ፤ ይበቃኛል።»

እትዬ መነጽር ሁለተኛውን መነጽር ከጸጉራቸው አውርደው በአንደኛው ላይ ደረቡት።

*

ወደ መዝገብ ክፍሉ ወሰደችው። ጠባብ ክፍል ነው፤ እስከ ጣሪያው ድረስ ያለፉት ዓመታት መጻሕፍት ተደርድረውበታል፤ በየጀርባቸው ሰማያዊ ባህር አለ። አንዲት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጥግ ላይ ትንጣጣለች። እሱ ወደ ማሞቂያዋ አልተጠጋም።

«ለምን መጻፍ አቆምክ? ልታመም ነበር እኮ!»

ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ቢሮው ለቆጣሪዎቹ ሁሉ የላከው የዘንድሮ ዝርዝር ነው። «ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለእናቴ ሰጠኋት። እሷ ደግሞ ‹አንተ መቼም ስትቸኩል አይታይህም› ብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። አስራ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ ልታገኘን።»

«ላንተ ብዬ ነው» አለች።

«ለእኔ?»

«አዎ ላንተ! መጽሐፉ ውስጥ የገባ ቦታ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። በሦስት ዓመት ጃንጥላ በጃንጥላ ላይ ይሆናል። ያ ቦታ ለእኛ እንዲቀር ነው የፈለግኩት፤ እንዳየሁት፣ አንተና እኔ ብቻችንን እንደሄድንበት። ቁጥሩን ራስህ አይደለህ የላክኸው? ዘጠኝ፣ ሰባት፣ አራት፤ ባለፈው ወር ጭራሽ ዜሮ! እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት አሳልፌ ልስጥ?»

ሳቀ። ደስ የማይል ሳቅ ነበር።

«ዜሮው እንዴት እንደመጣ ታውቂያለሽ?»

«ሰው ስላልነበረ ነዋ።»

«እዚያ ዳርቻ ላይ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። መረብ ጎታቾቹ ብቻ ሰላሳ ናቸው። ልብስ የሚያጥቡት አሉ፣ ዓሣ የሚያሰጡት አሉ፣ ኳስ የሚራገጡት አሉ። አንቺ የመጣሽው የማዕበሉ ሳምንት ነበር፤ ጀልባ አይወጣም፣ ሰው ቤቱ ይከርማል። ባዶ መሰለሽ። እኔም ‹ባዶ መሆኑ ነው የወደድኩት› ስትዪ ሰማሁና አፌን ዘጋሁ። ጥፋቴ ከዚያ ይጀምራል።»

«ታዲያ ቁጥሩን ዋሸህ?»

«አልዋሸሁም!» ድምፁ መደርደሪያውን ነቀነቀው። «ላንቺ በቁጥር አልዋሽም። ቁጥሩን መዋሸት ስላልፈለግኩ ዳርቻውን አስለቀቅኩት። ቤት ለቤት ዞሬ ለመንኩ፤ ‹መጽሐፉ ውስጥ ከገባን እንግዳ ይመጣልናል፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ ታገሱኝ› ብዬ። ሰዓቱ ሲደርስ ፊሽካ እነፋለሁ። ሰው ሁሉ ከአሸዋው ይነሳል። መረቡ ግማሽ ላይ ታስሮ ይቆማል። ሴቶቹ እርጥብ ልብሳቸውን ታቅፈው ከዛፎቹ ጀርባ ይቀመጣሉ። ጀልባ ጠጋኙ ሽማግሌ እግሩ አይታዘዝለትም፤ ከነወንበሩ ተሸክመን እናስገባዋለን። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ዓመት ሙሉ! እኔ ባዶውን አሸዋ እንደ ዘበኛ እመላለስበታለሁ፤ እነሱ ከዛፉ ስር ሆነው ‹ዛሬስ ስንት ሆንን?› እያሉ ይስቁብኛል።»

አዘጋጇ መደርደሪያውን ያዘች።

«ግን እኮ ከአርባ በታች ይበቃ ነበር። ዜሮ ማን ጠየቀህ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከዓይኗ አሸሸ።

«ዘጠኝ ብዬ ብልክ አንድ ገጽ መለስሽልኝ። አራት ብዬ ብልክ ሁለት ገጽ። ራሴንም ሳልቆጥር ዜሮ ብዬ የላክሁ ጊዜ አራት ገጽ ጻፍሽልኝ፤ ጠርዙ ላይ ሳይቀር። ሰው ባነሰ ቁጥር ፍቅርሽ ይጨምር ነበር። ምን ላድርግ? እናቴንም ከዳርቻው አስነሳኋታ።»

ማሞቂያዋ ተንጣጣች። ከውጭ የጥርስ ሐኪሙ «ይኼኛውስ ስንት ሰው አለበት?» ሲል ተሰማ።

«እናቴ ስምንቱን ክፍል ልትዘጋ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ የጭነት መርከብ ላይ ለሁለት ዓመት ልቀጠር ነው። ውሉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ነገ መፈረም አለብኝ። በካርድ ልሰናበትሽ ሞክሬ አልሆን አለኝ። ፊትሽን እያየሁ ልንገርሽ ብዬ መጣሁ።»

«አትፈርም።»

«በምን አንደበትሽ ነው አትፈርም የምትዪኝ? እኛን ለራስሽ አስቀመጥሽን፤ እንደ ጌጥ። ለመሆኑ ያ ጸጥታ የማን ነው? የእናቴ ባዶ ክፍል እኮ ነው! ማታ ማታ የስምንት ክፍል በር እየከፈተች አየር ታስገባና ትዘጋለች። ጸጥታ ካማረሽ ነይና እሱን ስሚ።» በሩን ያዘ። «አውቶቡሱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል። ደህና ሁኚ።»

ከኋላው ልትጠራው አፏን ከፈተች። ግን የጥርስ ሐኪሙ ቃል፣ ብቻ አይታዩ ያለው፣ በራሷ ድምፅ ተሰማት፤ አፏን መልሳ ገጠመችው። የናቀችው ሰው አፍርጦ የተናገረውን እሷ ዓመት ሙሉ በፍቅር ቋንቋ ስትጽፈው ኖራለች። እፍረቱ ከእግር ጥፍሯ ተነስቶ ጆሮዋን አቃጠላት።

*

አባቷ መነጽራቸውን ሳያነሱ «ግቢ ሚጣዬ» አሉ። «ያ ደረጃው ላይ ያገኘሁት፣ እንደ ቅጠል የሚንቀጠቀጠው ልጅ ማነው?»

«ቆጣሪያችን ነው፣ አባዬ። የምወደው ሰው ነው።»

እስክሪብቶው ቆመ። «ቆጣሪ?»

«ቆጣሪ።»

«አንቺን ያህል ልጅ...»

«ስለ እሱ በኋላ ትቆጣኛለህ፤ አሁን ሰዓት የለኝም። የሰረዝኩት ዳርቻ አለ። ላስገባው ነው።»

አባቷ ካርዶቹን አገላበጡ። «ዜሮ! ይኼ እንቁ ነው እኮ። ለምን ሰረዝሽው?»

«ዜሮ አይደለም። ሰማንያ ነው፤ መቶም ይሆናል።» ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ፊሽካውን፣ ከነወንበሩ የሚነሳውን ሽማግሌ፣ የራሷን አራት ገጽ።

«እንግዲያው በምን ሂሳብ ነው ጸጥ ያለ የሚባለው? ሚጣ፣ ሰው እኮ ከእኛ የሚገዛው ዕረፍት ነው።»

«የሚገዛው ሌላ ሰው ዞር እንዲልለት ነው! እኛ ደግሞ ስንት ሰው ዞር እንዳለ ቆጥረን እንሸጥለታለን።» ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «በሌሎቹ አስራ ሁለት ዳርቻዎች ላይስ ፊሽካ እንደማይነፋ በምን አወቅህ? አርባ ብለን የወሰንነው እኛ ነን። እዚያ የተወለደውንና ለሳምንት የመጣውን አንድ ላይ እየቆጠርን ‹በዛ› የምንለው እኛ ነን። የሰው አገር ላይ ባለአገሩን ትርፍ ሰው አደረግነው፣ አባዬ! እኔ ደግሞ ከሁሉም የባስኩ ነኝ፤ ሌላው ከፍሎ ነው፣ እኔ በፍቅር ስም ነው።»

አባቷ ካርዶቹን አንድ በአንድ መልሰው ደረደሩ። ልጃቸው ስትቆጣ እናቷን መምሰሏን ያውቃሉ፤ ከእናቷ ጋር ተከራክረው ደግሞ አሸንፈው አያውቁም።

«ገጹ ይግባ» አሉ በመጨረሻ። «ከስሩ ግን ያንቺ ስም ይጻፍ። አንድ ደንበኛ ሻንጣውን ተሸክሞ እያማረረ ቢመለስ፣ የከርሞውን መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። ቀልድ አይደለም።»

«ይሁን።»

«ስለ ልጁ ደግሞ እንነጋገራለን።»

«እንነጋገራለን። እኔ ግን ሐሳቤን አልለውጥም።»

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነበር። እትዬ መነጽር ራሳቸውን ያዙ። «አንድ ገጽ ልጨምር? ልጄ፣ መጽሐፍ ጆንያ አይደለም፤ አንድ ከገባ አንድ ይወጣል!»

«መግቢያውን ያውጡት፣ እትዬ።»

«ስለ ጸጥታ የጻፍሽውን? ያን ሁሉ ያለቀስሽበትን?»

«እሱን።»

«እውነቱን ልንገርሽ፣ እሱን ሳቀናብር ሁለቴ እንቅልፍ ወስዶኛል» አሉና መግቢያውን አነሱት።

ቆማ ጻፈች፤ መቀመጥ አልቻለችም። እየጻፈች ዓይኗ ከግድግዳው ሰዓት ወደ ወረቀቱ፣ ከወረቀቱ ወደ ሰዓቱ ይራወጥ ነበር። የማተሚያ ቤቱ መልእክተኛ በር ላይ እግሩን ሲቀያይር ስሟን ከስር አኖረች። አንዱን ቅጂ አጥፋ ካፖርቷ ውስጥ ከተተችና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። ያጠፋችውን ማስተካከሏ አላሳረፋትም። በወረቀት የተመለሰ ነገር በሰው ልብ ላይመለስ ይችላል።

*

የአውቶቡስ መናኸሪያው ሊፈነዳ ደርሷል። ብርዱን ሽሽት ይሁን ቤት ናፍቆት፣ ከተማው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ የወጣ ይመስላል። ጠሪው የከተማ ስም ይጮኻል፤ ሴቶች ጥቅልላቸውን በጭንቅላታቸው ላይ ያሻግራሉ፤ አንድ ወፍራም ሰውዬ «አትግፉኝ!» እያለ ሁሉንም ይገፋል። አዘጋጇ በክርኗ፣ በትከሻዋ፣ በይቅርታና በስድብ መካከል መንገድ እየቀደደች ሄደች።

አውቶቡሱ ደረጃ ላይ አንድ እግሩን አሳርፎ አገኘችው። ጃኬቱን ከኋላ ይዛ ጎተተችው።

«ውረድ!»

«ሰው እያየን ነው።»

«ይየን! ውረድና አንብብ።»

ወረደ። ሰው እየገፋው፣ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ይዞ አነበበ፦

«ይህ ዳርቻ ሰው አለበት። ጠዋት ሰላሳ ሰዎች መረብ ይጎትታሉ፤ እጅዎን ቢያበድሯቸው አይጠሉም። እኩለ ቀን ላይ ልብስ ይታጠባል፣ ሳቅ ይበዛል። ኳስ ሊመታዎት ይችላል። ጀልባ የሚጠግኑ አንድ አባት በወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ወሬ ከጀመሩ ቶሎ አይለቁዎትም። ስምንት ክፍሎች አሉ፤ ባለቤቷ በየማታው አየር ያስገቡባቸዋል። ባዶ ባህር ለሚፈልግ ደንበኛ ይህ ገጽ አይሆነውም፤ ይለፈው። የቀድሞ ቁጥራችን ስህተት ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» ከስሩ ስሟ ነበር።

መልሶ አነበበው። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ እሷን የሚገድላት ይህ ነው።

«ማተሚያ ቤት ገብቷል» አለች በችኮላ። «አንድ እንኳ እንግዳ ላይመጣ ይችላል። አላውቅም። የማላውቀውን ልዋሽህ አልመጣሁም። አንድ ነገር ግን ልናገር። አንተን እንደዚያ ሐኪም ነው የወደድኩህ። ያላንተ ሰዎች፣ ያለ እናትህ፣ ያለ ዓሣው ሽታ፣ ያለ ኑሮህ። የተጠረገ አሸዋ ላይ ብቻህን የቆምክ አድርጌ። እንደዚያ መወደድ ስድብ ነው፤ አሁን ገብቶኛል። ከነሰማንያው ሰው ልወድህ ትፈቅድልኛለህ ወይ? ካልፈቀድክ ሂድ፤ አልይዝህም።» ጃኬቱን ግን አልለቀቀችም።

«ሰማንያ አይደለንም» አለ።

«ምን?»

«መቶ አስራ ሁለት ነን። ሰማንያ ብለሽ መጻፍሽን እናቴ ብትሰማ፣ የትኛዎቹን ነው የረሳችው ትልሻለች።»

«ገጹ ላይ ቁጥር አልጻፍኩም።»

ወረቀቱን አየ። ከንፈሩ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ወዲያው ግን ጠፋ። «ንዴቴ አላለቀም» አለ። «በአንድ ገጽ አያልቅም። ጃኬቴን ይዘሽ ስላለቀስሽም አያልቅም።»

«አላለቀስኩም።»

«እያለቀስሽ ነው።»

«ብርዱ ነው።»

«የሚነሳ! የቀረ አለ?» አለ ጠሪው። «ወንድም፣ ወይ ውጣ ወይ ዞር በል፣ በሩን አትዝጋብን!»

«መርከቡስ?» አለች። ሌላ ምንም የምትጠይቀው አልነበራትም።

ከኪሱ ውሉን አወጣ። ያልተፈረመበትን ቦታ ለጥቂት ጊዜ ተመለከተው፤ ከዚያ አራት ቦታ አጥፎ ቀደደው።

«መርከብ ያለ እኔም ይንሳፈፋል» አለ። «ነገ ማታ ስደርስ ሰዎቹን ሰብስቤ ፊሽካው ቀርቷል እላቸዋለሁ። እስኪስቁብኝ ቸኩያለሁ።» የእሷን ገጽ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ለእናቴ ግን እኔ አላነብላትም። አንቺ ነሽ የምታነቢላት። ቁጭ አድርጋ ታፋጥጥሻለች፤ ዝግጁ ሁኚ።»

«መቼ ልምጣ?»

«ጀልባዎቹ በሙሉ በሚወጡበት ወር። ሰው አሸዋው ላይ መቆሚያ ሲያጣ።»

እጇን ያዘ። እጁ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል፤ አጥብቆ ግን ያዘ። ያን ጊዜ ወፍራሙ ሰውዬ ሻንጣውን ይዞ ከኋላዋ ተንደረደረ፤ አንዲት ሴትዮ በጥቅልሏ ትከሻዋን መታቻት፤ አንዱ እግሯን ረገጣት፤ ሰልፉ ሁሉ ተገፋፍቶ እሷን ደረቱ ላይ ለጠፋት። ከተሰነጣጠቀ ከንፈሩ የሚወጣው እስትንፋስ ግንባሯ ላይ ሞቃት ነበር። በግራ በቀኝ ይጮኻሉ፣ ይሳደባሉ፣ ይሳሳቃሉ። ልቧ እየዘለለ፣ ዓይኗን ጨፍና ሰማቻቸው፤ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ እንዲቀነስላት አልፈለገችም።